በትከሻዬ የተለካ ብርድ ልብስ

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ስልኬ ሲጮህ ወጥ ቤት ቆሜ የጉልበቴን ኪኒን በሞቀ ውሃ እየዋጥኩ ነበር። የደወለው ዳዊት ነው፤ የዕድራችን ጸሐፊ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ግን እሱ ከደወለ ወይ ስብሰባ አለ ወይ ሰው ሞቷል። ስብሰባው ደግሞ ያለፈው ሳምንት ነበር።

«እትዬ የሺ፣ ደህና አደሩ? ብቻዎን ነዎት?»

«ብቻዬን ነኝ። ማን ነው?» አልኩት። በእኔ ዕድሜ የደረሰ ሰው ዙሪያውን አይዞርም።

«የእትዬ አልማዝ ወንድም ናቸው፤ ጋሽ ደምሴ። ትናንት አዲስ አበባ አርፈዋል። ሀርት አታክ ነው አሉ። እትዬ አልማዝ ገና አልሰሙም። ሰንዴይ ጠዋት ተሰብስበን ሄደን ልንነግራቸው ነው። እስከዚያ እርስዎ አጠገባቸው ሆነው ቢዚ ቢያደርጓቸው ብለን ነው። ፌስቡክ ቼክ እንዳያደርጉ። የሆነ ቦታ ይዘዋቸው ቢወጡስ? ናያግራ ምናምን።»

«እሺ» አልኩት። በልማድ ከአፌ ወጣ። ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥኩና በሰፈሬ በዌስተን የሚያልፈው ባቡር የመስኮቴን መስታወት ሲያርገበግበው አዳመጥኩ። ደከመኝ። ደምሴን በፎቶ እንጂ በአካል አላውቀውም፤ ስለዚህ ድካሙ የሐዘን ብቻ አልነበረም። ይሄንኑ ነገር አንድ ጊዜ፣ ለዚችው ለአልማዝ፣ አድርጌዋለሁ። ይዣት ወጥቻለሁ። ያውም ናያግራ ሳይሆን ሜክሲኮ ድረስ።

ከቁም ሳጥኔ የላይኛው መደርደሪያ ላይ በሁለት ፌስታል የተጠቀለለ የሱፍ ብርድ ልብስ አለ። ግራጫ ሆኖ ዳርና ዳሩ ሰማያዊ ጥለት አለው። ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩት። ሐኪሙ ወንበር ላይ አትውጪ ብሎኝ ነበር። ብርድ ልብሱ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው፤ ስንት ቤት ስቀይር አብሮኝ ዞሯል፤ አንድም ቀን ለብሼው አላውቅም።

ያን ጊዜ እኔና አልማዝ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል ሰፈር አንድ ረጅም ፎቅ ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት አብረን ተከራይተን እንኖር ነበር። ሱዳን ተዋውቀን፣ በተለያየ ዓመት ቶሮንቶ ገብተን፣ እዚህ እንደገና የተገናኘን ነን። ሥራችንም አንድ ቦታ ነው፤ መሃል ከተማ ካለ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል። ቀኑን ሙሉ አንሶላ እናጥፋለን። አንዷ በወዲያ ጫፍ ሌላዋ በወዲህ ጫፍ ይዛ፣ ወጥሮ፣ ተቀራርቦ፣ ጫፍን ከጫፍ ማገናኘት ነው። ሰው ከሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር እንደ አንሶላ ማጠፍ ያስተማረኝ ነገር የለም። አንዷ ቀድማ ከለቀቀች መሬት ይነካና እንደገና ይታጠባል።

ከእኛ ጋር ሉፔ የምትባል ሜክሲኳዊት ትሠራ ነበር። አጭር፣ ፈጣን፣ ሳቂታ ሴት ናት። አገሯ ዋሃካ ከምትባል ከተማ አጠገብ ያለ ቴኦቲትላን የሚሉት መንደር ነው። በየዓመቱ ጥቅምት ሲያልቅ ለሙታን በዓል ወደ እናቷ ትሄዳለች፤ በየዓመቱም «ኑ እንጂ» ትለናለች። እኛም እንስቃለን። ለሙታን በዓል ማን ይሄዳል? አንድ ቀን ግን ሉፔ የመንደሯ ሰው ሁሉ ሸማኔ እንደሆነ ነገረችን። አልማዝ የያዘችውን አንሶላ ለቀቀችው።

የአልማዝ አባት አቶ ወልዴ ሽሮ ሜዳ የታወቁ ሸማኔ ነበሩ። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች እሷንና ደምሴን ያሳደጉት መሸመኛው ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠው ነው፤ ልጆቹን በአንድ ዓይን፣ ድሩን በአንድ ዓይን እያዩ። አልማዝ ስለ አባቷ ስታወራ ድምፅዋ ይለወጥ ነበር። «እሄዳለሁ» አለች፤ «ሌላ አገር ሸማኔ እንዴት እንደሚሠራ አይቼ ለአባባ እጽፍላቸዋለሁ።»

ሁለት ዓመት ፈቃዳችንን አጠራቀምን። ስደተኛ ስለነበርን የያዝነው የጉዞ ሰነድ ከኢትዮጵያ በስተቀር ለሁሉም አገር ያገለግላል የሚል ማኅተም ነበረበት። አልማዝ ማኅተሙን እያየች «አባባ ዘንድ ብቻ አትሂጂ ነው የሚለኝ» ትል ነበር።

የምንሄድበት ቀን ጠዋት አልማዝ ለሉፔ እናት ስጦታ ልትገዛ ወርዳ እኔ ሻንጣ ስዘጋ ስልክ ተደወለ። ጋሽ ተፈራ ነበሩ። በዚያን ዘመን ቶሮንቶ ላይ ለእኛ ለወጣቶቹ አባትም፣ ዳኛም፣ የሠርግ ሽማግሌም እሳቸው ነበሩ።

«የሺ፣ አልማዝ አለች?»

«ወጣ ብላለች፣ ጋሼ።»

«ጎሽ። እንግዲህ አንቺ ጠንካራ ነሽ። የአልማዝ አባት አርፈዋል፤ ከተቀበሩ አራተኛ ቀናቸው ነው።»

ግድግዳውን ደገፍ አልኩ። «ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ልንሄድ ነው። እንቅር?»

«ለምን ትቀራላችሁ? ብትቀሩ ትጠረጥራለች። ደግሞ አገሯ አትገባ፣ አትቀብር። ሄዳ ዓለም አይታ ትምጣ። ስትመለሱ ቅዳሜ በማለዳ ሰው ይዤ እመጣለሁ። መርዶ በሥርዓቱ ነው የሚነገረው። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው።»

እኔ ሥርዓቱን አልነቅፍም። ሰው ለብቻው፣ በስልክ፣ ምግብ ሳይቀምስ፣ የሚደግፈው ሳይኖር ክፉ ዜና እንዳይሰማ ነው አባቶቻችን ያንን ያበጁት። ስንቱን ከመውደቅ አድኗል። ጋሽ ተፈራም ለክፋት አልነበሩም፤ ነፍሳቸውን ይማር። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር ዕድሜዬ ስለፈቀደልኝ ልናገረው። ጋሼ «አትቅሩ» ሲሉኝ ከድንጋጤዬ ሥር የሆነች ቦታ ደስ ብሎኛል። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። በሕይወቴ ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር የሄድኩት ሸሽቼ እንጂ ልጎበኝ አልነበረም። መሄድ ፈልጌ ነበር። ሽማግሌውን ሰበብ አደረግኩ።

አልማዝ አንድ ካርቶን ብስኩት ታቅፋ ገባች። «ማን ነው የደወለው?»

«ተሳስቶ ነው» አልኳት።

ዋሃካ በአረንጓዴ ድንጋይ የተሠራች ከተማ ናት። ድንጋዩ በእውነት አረንጓዴ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ይጠቁራል። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር አየሩ የእኛን ጥቅምት ይመስላል፤ ጠዋት ብርድ፣ ቀን ጠራራ። በየመንገዱ ቢጫ አበባ በሸክም ይሸጣል፤ በአህያ፣ በጋሪ፣ በሰው ጀርባ። አልማዝ አንዱን ታቅፋ አሸተተችና «አደይ ነው ብዬ ነበር፤ ሽታው ግን ጠጅ ሳር ጠጅ ሳር ይላል» አለች። ገበያው አጠገብ ቸኮላት የሚፈጩበት መንገድ አለ። ካካዎውን ከቀረፋና ከለውዝ ጋር ወፍጮው ውስጥ ይጨምሩታል፤ ከታች እየተንጠባጠበ ትኩስ ጭቃ ሆኖ ይወጣል። የወፍጮ ቤት ጩኸት የትም አገር አንድ ነው። ሰው እየተጯጯኸ ወረፋ ይጠብቃል።

በቅርጫት የተጠበሰ ፌንጣ በሎሚና በሚጥሚጣ የሚሸጡ ሴቶችም ነበሩ። እኔ ፊቴን አዞርኩ። አልማዝ ግን አንድ እፍኝ ዘግና «መጥምቁ ዮሐንስ የበላውን እኔ ማን ነኝና እተወዋለሁ?» ብላ ወደ አፏ ጣለችው። ሻጮቹ አጨበጨቡላት። በዚያ ሰሞን ያልበላችው ነገር አልነበረም። ትስቃለች፣ ትዘፍናለች፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ትሳለማለች። ዘጠኝ ቀን ሙሉ እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም፤ ከዚያም በኋላ አላየኋትም።

እኔ ግን ታምሜ ነበር ማለት ይቀላል። ያየሁትን ሁሉ በእሷ ትከሻ ላይ አሻግሬ ነው ያየሁት። ምግቡ አይወርድልኝም፤ እግሬን ስጎትት እውላለሁ። «ምን ሆነሻል?» ስትለኝ ከፍታው ነው እላለሁ። «የአዲስ አበባ ልጅ ከፍታ ይይዛታል እንዴ?» ትለኛለች። ኤል ቱሌ የሚባል መንደር ሄደን ነበር፤ ሠላሳ ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማይዞረው ግንድ ያለው ዛፍ አለ። አልማዝ ከሥሩ ቆማ ፎቶ አንሺኝ አለችኝ። «ለአባባ ልልክላቸው ነው። ከዛሬ ጀምሮ ዋርካ አየሁ እንዳይሉ።» በካሜራዋ ቀዳዳ አጮልቄ አየኋት። ዛፉ ሞልቶት አንድ ጥግ ላይ ጥርሷ ብቻ ይታያል። ሦስት ጊዜ አነሳሁና ሦስቱንም አበላሸሁት።

የበዓሉ ቀን ሉፔ መጥታ ወደ መንደሯ ወሰደችን። ቴኦቲትላን ከተራራ ግርጌ ነው፤ በየደጁ የተቀለመ ሱፍ በገመድ ላይ ተሰጥቷል። ሉፔ በመንገድ ላይ ብዙ ነገር ብትነግረንም አውቶቡሱ ውስጥ የነበረው ሙዚቃ ግማሹን ወሰደው። ቤቷ ስንደርስ እሷ ለእናቷ የገዛችውን ዱቄት ለማውረድ ወደ ኋላ ቀረችና «ግቡ፣ ግቡ» አለችን።

ገባን። ትልቁ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የአንድ ሽማግሌ ፎቶ ቆሟል። ግራና ቀኙ ሻማ ይበራል። በፎቶው ዙሪያ አበባ፣ ፍራፍሬ፣ ውሃ በብርጭቆ። ሴቶች ራሳቸውን በፎጣ ሸፍነው በግድግዳው ጥግ ጥግ ተቀምጠዋል። ሰው ዳቦ በመሶብ እየያዘ ይገባል፤ ጎንበስ ብሎ ያስቀምጣል። በዚያው ደቂቃ ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ።

እንግዲህ የእኛ ሰው የዚህን ቤት ትርጉም ለመረዳት ቋንቋ አያስፈልገውም። ለቅሶ ቤት ደግሞ ማን ሞተ ተብሎ አይጠየቅም፤ አስቀድሞ ይለቀሳል። አልማዝ የአንገት ልብሷን አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረችው። «ወይኔ! ወይኔ አባቴ!» ብላ ደረቷን መታች። እኔም ተከተልኳት። ሁለታችን የዚያን የማናውቀውን ሽማግሌ ፎቶ ፊት ለፊት ቆመን ቤቱን በጩኸት ሞላነው።

ሴቶቹ ተነሥተው ቆሙ። አንድ ሕፃን ፈርቶ አለቀሰ። ሉፔ ዱቄቱን ጥላ እየሮጠች መጣች። «ምን ሆናችሁ? ምን ተፈጠረ?»

«አባትሽ!» አለቻት አልማዝ እያነባች። «ለምን አልነገርሽንም?»

ሉፔ አስረዳችን። አባቷ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ዛሬ ልክ በዚህ ሰዓት፣ ደወሉ ሲደወል፣ ወደ ቤቱ ተመልሶ ይመጣል፤ እስከ ነገ በዚህ ሰዓት ድረስ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ከቤተሰቡ ጋር ይውላል። ሰዉ ዳቦና ቸኮላት ይዞ የሚመጣው እንኳን ደህና መጣህ ሊለው ነው። ይህን ስትነግረን አልማዝን ሳቅ ያዛት። መሬት ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሴቶቹም ተቀብለዋት ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። «ሰውየው ምሳ ሊበላ ቢመጣ በጩኸት ልናባርረው!» አለች አልማዝ።

እኔ ግን ማቆም አልቻልኩም። ሁሉም ሲስቅ እንባዬ ይወርዳል። ለአቶ ወልዴ የሚገባውን እንባ ነበር የማፈሰው፤ ልጃቸው ገና ያልደረሰችበትን እኔ ቀድሜ። የሉፔ እናት ዶኛ ኤሌና መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። የተሸበሸበ እጇን ጉልበቴ ላይ አኑራ ፊቴን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በቋንቋዋ አንድ ነገር ተናገረች፤ ሉፔ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። «እናቴ፣ ይህችኛዋ የምታለቅሰው ለባሌ አይደለም ትላለች።»

«ወንድሟ ነው» አለች አልማዝ ሳቋን ገታ አድርጋ። መጥታም አቀፈችኝ። «ጦርነት ላይ ነው የሞተባት። እርሟን በደንብ አላወጣችም።»

እኔም ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ወንድሜ ግርማ እውነትም ጦርነት ላይ ነው የሞተው። የእሱን ሞት የሌላ ሰው ሞት መሸፈኛ አደረግኩት። ከሠራሁት ሁሉ ይህ ነው ዛሬም የሚከነክነኝ።

ዶኛ ኤሌና ለእንግዶቿም ሙታን ቦታ እንዳላት ነገረችን። ሩቅ አገር የሞተ ሰው የት እንደሚሄድ ስለማያውቅ ስሙ የተጠራበት ቤት ይገባል አለች። ፊት የተሳለበት ትንሽ ዳቦ አነሳችና የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። «ግርማ» አልኳት። «ኺርማ» ብላ ጠርታ ከባሏ ፎቶ ጎን አስቀመጠችው። ከዚያ ሌላ ዳቦ ይዛ ወደ አልማዝ ዞረች።

አልማዝ የእናቷን ስም ሰጠች። ዶኛ ኤሌና ያንን አስቀምጣ ሦስተኛ ዳቦ አነሳች። «አባትሽስ?»

«አባቴ አሉ!» አለች አልማዝ። ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ኩራት በሞላው ድምፅ። «አባቴ አሉ። እንደ እናንተ ሸማኔ ናቸው።»

አሮጊቷ ደስ ብሏት አማተበች፤ ዕድሜ ይስጠው አለች። ዳቦውንም ወደ መሶቡ መለሰችው። እጇ ዳቦውን ይዞ ከጠረጴዛው ወደ መሶቡ ሲሄድ እያየሁ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ይቆም ነበር። ተነሥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁና የቱርክ ዶሮዎቹ መሃል ቆምኩ።

በማግስቱ ከሰዓት ደወሉ እንደገና ተደውሎ ሙታኑ ተሸኙ። በሦስተኛው ቀን መንደሩ ወደ ሥራው ተመለሰ። የዶኛ ኤሌና መሸመኛ እንደ በር ትልቅ ነው፤ ሸማኔው ቆሞ በእግሩ እየረገጠ ነው የሚሠራው። አልማዝ ሁለት ጊዜ ዞረችው። «ቆሞ የሚሸምን ሸማኔ! አባባ ቢያዩ ጉድጓዱን ማን ሰረቃችሁ ይሏቸው ነበር።» ዶኛ ኤሌና ከቁልቋል ላይ የተለቀመ ደረቅ ትል መዳፏ ላይ ጨፍልቃ ደም የመሰለ ቀይ ቀለም አሳየችን፤ ሎሚ ስትጨምርበት ብርቱካናማ ሆነ። ከዚያ አልማዝን መሸመኛው ላይ አቆመቻት። የሸማኔ ልጅ አይደለች? መወርወሪያውን ተቀብላ ሁለቴ ሦስቴ ብትስት ነው፤ ከዚያ እጇ አስታወሰ። አሮጊቷ ምላሷን አጮኸች። በእኛ አገር ሰው በሙያው ይሰደብ ነበር፤ ሸማኔ ነው እየተባለ ስንቱ ለትዳር ልጅ ተነፍጓል። እዚያ ግን አልማዝ የሸማኔ ልጅ በመሆኗ እንደ ባላባት ልጅ ወንበር ተሳበላት።

ለአባቷ ብርድ ልብስ መምረጥ ጀመረች። ግማሽ ቀን ፈጀባት። ቀዩን አነሳችና «ቀይ አይወዱም፤ የሴት ነው ይላሉ» ብላ መለሰችው። ክሩን በጥፍሯ ትፈትሻለች፤ ጫፉን ገልብጣ ቋጠሮ ትቆጥራለች። በመጨረሻ ሁለት ቀሩ፤ አንዱ ግራጫ በሰማያዊ፣ ሌላው ግራጫ በቡና ዓይነት።

«የሺ፣ ነይ ቁሚ እስቲ። ቁመትሽ ከአባባ ጋር እኩል ነው።»

ቆምኩ። ሰማያዊውን ትከሻዬ ላይ ጣለችው። ወደ ኋላ ሄዳ አየችኝ፤ ወደፊት መጥታ በጉልበቴ በኩል ሳበችው። «ጉድጓድ ውስጥ ሲቀመጡ ጀርባቸውን ነው የሚበርዳቸው። እስከዚህ ከደረሰ ይበቃል።» ሱፉ ከባድ ነበር፤ የበግና የጭስ ሽታ አለው። የሞተ ሰው ብርድ ልብስ ለብሼ ልጁ ፊት ቆሜያለሁ።

«አልማዝ» አልኳት።

«ምነው?»

ዓይኖቿ ላይ የነበረውን ደስታ አየሁት።

«ሰማያዊው ይሻላል።»

ቶሮንቶ ተመልሰን ቅዳሜ በማለዳ፣ ገና ሰማዩ ሳይለይ፣ ጋሽ ተፈራ ጥቁር ካፖርት ለብሰው ከስምንት ሰዎች ጋር በራችንን አንኳኩ። በሩን የከፈተችው አልማዝ ናት። አይታቸው «ማን ነው?» ብቻ አለች። ሴቶቹ ያዟት። ለቅሶዋን አልጽፈውም።

ሰዉ በተነሣ በአራተኛው ቀን፣ ሁለታችን ብቻ ስንቀር፣ ወደ እኔ ሳታይ ጠየቀችኝ።

«አንቺ መቼ ሰማሽ?»

ልዋሻት እችል ነበር። ደክሞኝ ነበርና አልዋሸኋትም። «የሄድን ቀን። ጠዋት።»

«እዚያ ቤት እኮ ዳቦ ተነሥቶላቸው ነበር» አለች። «ስማቸው የተጠራበት ቤት ይገባሉ አለች ሴትየዋ። እኔ ደግሞ አሉ ብዬ መለስኳቸው። አባቴን ከደጅ መለስኳቸው፣ የሺ።» ከዚያ ለመንገደኛ ተጠቅልሎ የተዘጋጀውን ብርድ ልብስ አምጥታ ጭኔ ላይ አኖረችው። «በአንቺ ትከሻ ነው የተለካው። ውሰጂው።»

አልተጣላንም። ብንጣላ ይሻል ነበር፤ የተጣላ ሽማግሌ ያስታርቀዋል። በዓመቱ ሥራ ቀይሬ ወደ ዌስተን ገባሁ። በየበዓሉ እንጠያየቃለን፤ ልጆቿን ክርስትና አንሥቻለሁ፤ ስታመም ሾርባ ይዛ ከተማውን አቋርጣ መጥታለች። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውንም ወሬ ስነግራት፣ የሠርግ ይሁን የልደት፣ የቤት ኪራይ ጨመረ ብላትም እንኳ፣ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «መቼ ሰማሽ?» ብላ ነው። ክፋት የለበትም፤ ልማድ ሆኖባት ነው። እኔን ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይወጋኛል።

ይህን ሁሉ ሐሙስ ጠዋት ብርድ ልብሱን ጭኔ ላይ ይዤ አሰብኩና ዳዊት ጋ መልሼ ደወልኩ።

«ልጄ፣ እኔ አሁን ልሄድ ነው። ልነግራት። ሰው አሰባስበህ ተከተለኝ።»

«ኧረ እትዬ የሺ! ሰንዴይ ብለን ኦልሬዲ ለሰው ቴክስት አድርገናል። ብቻቸውን ሆነው ሾክ ቢያደርጋቸውስ?»

«ብቻዋን አይደለችም፤ እኔ አለሁ። እሑድ የሚመቸው ለእናንተ ነው።»

ልጁ ተንተባተበ፤ «እሺ፣ እንመጣለን» አለ።

ብርድ ልብሱን በክንዴ ይዤ አውቶቡስ ጠበቅኩ። ኤግሊንተን ዌስት የሚባለው መንገድ ላይ እንደ ልማዱ አንዱ ወገን ለግንባታ ታጥሮ ነበር። አውቶቡሱ ቆመ፣ ዞረ፣ እንደገና ቆመ። አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት የጃማይካ ሴት ሱፉን በጣቷ ነክታ ቆንጆ ነው አለችኝ። የሰው ነው አልኳት። ጉልበቴ ይቆረጥመኛል። ሁለተኛውን አውቶቡስ ስይዝ እያሰብኩ ነበር። መርዶን የሚያከብደው ሞቱ ብቻ መስሎኝ ኖሬያለሁ። አንዱ አውቆ ሌላው ሳያውቅ አብረው የሚስቁባቸው ቀኖችም ይከብዳሉ፤ እነሱን ደግሞ የሚሸከማቸው የሰማውም ያልሰማውም ነው።

ፎቁ ያው የድሮው ነው፤ አሳንሰሩም ያው በግድ የሚዘጋው። አልማዝ በሩን የቤት ልብሷን እንደለበሰች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ከፈተችልኝ።

«የሺ! በሐሙስ ምድር ምን እግር ጣለሽ?» አለችና ዓይኗ ክንዴ ላይ አረፈ። ብርድ ልብሱን ካየችው ሠላሳ ዓመቷ ነው። ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ማን ነው?»

«ደምሴ» አልኳት። «ትናንት።»

የበሩን ጠርዝ ያዘች። ትጮኻለች ብዬ ልደግፋት እጄን ዘረጋሁ። አልጮኸችም። ዓይኔን አየችው፤ ያንኑ ጥያቄዋን ጠየቀችኝ፤ በዚህ ጊዜ ግን በሹክሹክታ።

«አንቺ መቼ ሰማሽ?»

«ዛሬ ጠዋት። ኤግሊንተን ላይ አውቶቡሱ ነው ያቆየኝ።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ዞራ አየች። ከዚያ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ኪሷ ከተተች፣ የአንገት ልብሷን ወገቧ ላይ አሰረች፣ እኔንም በእጄ ይዛ ወደ ቤት አስገባችኝ። ለቅሶውን በአንድነት ጀመርን። እሷ ወንድሟንም አባቷንም በስም እየጠራች ነበር።